ጉልበቴን ነው ብዬ የደበቅሁት ልብ

መጀመሪያ የነገረኝ የልብ ምቴ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ፣ ከአልጋ ሳልወርድ፣ ሁለት ጣቴን አንገቴ ላይ አድርጌ ለአንድ ደቂቃ እቆጥራለሁ። የስፖርተኛ ልማድ ነው። የእኔ ለዓመታት ከአርባ ስድስት አያልፍም ነበር። በ2020 ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስቆጥር ስልሳ ሦስት ሆነ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደገምኩት። ስልሳ አራት። ሌላ የሚያመኝ ነገር አልነበረም፤ አላሳለኝም፣ አላተኮሰኝም፣ ቁርሴም ጣፍጦኛል። ሰልጣኞቼ እንዲህ ያለ ቁጥር ቢያመጡልኝ "ዛሬ እረፉ" እላቸው ነበር። ለራሴ ግን እንቅልፍ ስላነሰኝ ነው አልኩና ጫማዬን አሰርኩ።

ይህን የምጽፈው ከኮቪድ በኋላ ልባችሁን ለታመማችሁና "መቼ ነው እንደ ድሮዬ የምሆነው" እያላችሁ ብቻችሁን ለተቀመጣችሁ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የደረሰብኝን ግን በደንብ አስታውሳለሁ።

ማን እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ የሠራሁት ስህተት አይገባችሁም። የተወለድኩት ኮምቦልቻ ነው። እናቴ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተች ያሳደገኝ አባቴ ነው። ዲቪ ደርሶት ወደ አሜሪካ ስንመጣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ያረፍነው እሱ ሥራ ባገኘበት በሰሜን ሚሺጋን፣ በረዶ አምስት ወር በሚተኛባት ትንሽ ከተማ ነው። እዚያ ልጅ ሁሉ ስኪ ይሄዳል። ከተራራ ቁልቁል የሚንሸራተቱበት አይደለም፤ ሜዳውንም ዳገቱንም በሁለት ዘንግ እየገፉ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚጓዙበት፣ ክሮስ ካንትሪ የሚሉት ነው። ትምህርት ቤቱ ባዋሰኝ አሮጌ ስኪ የመጀመሪያውን ዓመት ስወድቅ ከረምኩ። በሦስተኛው ዓመት የምትቀድመኝ ሴት ልጅ ጠፋች። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሁለት ጊዜ የተማሪዎች ሻምፒዮን ሆንኩ፤ ቆይቶም በአሥር ኪሎ ሜትር የአገሪቱን ሻምፒዮና አሸነፍኩ። አባቴ በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ከሚሠራው ሥራ ፈቃድ እየጠየቀ ውድድሬን አንድም አያመልጠውም ነበር። የሚቆመው መጨረሻው ዳገት ላይ ነው። ሌላው ወላጅ ይጮኻል፤ እሱ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ትንፋሼን ያዳምጣል። ቤት ስንገባ "ዛሬ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ቸኩለሻል" ይለኛል። አይሳሳትም።

በሠላሳ ሦስት ዓመቴ ውድድር ትቼ አሰልጣኝ ሆንኩ፤ ኮሎምበስ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። ኮሎምበስ በረዶ የሚቆይባት ከተማ አይደለችም። ክለባችን ሃያ የማይሞሉ አዋቂዎች ያሉበት ትንሽ ክለብ ነበር። ዓመቱን ሙሉ በሮለር ስኪ፣ ማለትም ጎማ በተገጠመለት አጭር ስኪ፣ በወንዙ ዳር የብስክሌት መንገድ ላይ እንሠለጥናለን፤ በረዶ ሲወርድ ወደ ሰሜን በመኪና እንወጣለን። አንድ አባባል ነበረኝ፤ "ሰውነት ይዋሻል፣ ዳገት አይዋሽም።" ሰልጣኞቼ ወደውት ቲሸርት ላይ አሳተሙት። እኔም በኩራት ለበስኩት።

ያን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልምምድ ነበረን። ሁልጊዜ እያወራሁ የምወጣው ዳገት ላይ እግሬ ከኋላ ሰው የያዘው ያህል ከበደኝ። በማግስቱ አተኮሰኝ። በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ ሽታው እንደሌለ ገባኝ። ተመረመርኩ፤ ፖዘቲቭ። ሰልጣኞቼም ሁሉ ተመረመሩ። ከቤት ውጭ ተራርቀን ስለምንሠራ ይመስለኛል፣ አንዳቸውም አልያዛቸውም። እስከ ዛሬ አልሐምዱሊላህ የምልበት ነገር ነው።

የምኖረው ኖርዝላንድ በሚባለው ሰፈር፣ ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ብቻዬን ነው። የአባቴ እህት፣ እኔ እትዬ የምላት ዘሀራ፣ ከእኔ ብዙም ሳትርቅ ትኖራለች። ግሮቭፖርት ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው የምትሠራው። ከሺፍት በፊት ሾርባ ደጄ ላይ አስቀምጣ፣ ወደ መኪናዋ ተመልሳ ትደውልልኛለች። በመስኮት እየተያየን እናወራለን።

"አብሽሪ፣ አላህ ያሽርሻል" ትለኛለች። "ከባሰብሽ ኮል አድርጊኝ። ስልኬን ሎከር ውስጥ አልተውም፣ ኪሴ ነው የምይዘው።"

በአሥረኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ተነሣሁ። ሐኪም አልጠየቅሁም። የጠዋት ምቴ ገና ስልሳ ነበር፤ አየሁትና አለፍኩት። ሮለር ስኪዬን ይዤ ወንዙ ዳር ወረድኩ። ብቻዬን። ለግማሽ ሰዓት ቀለል አድርጌ ልሄድ።

አሥር ደቂቃ ሄድኩ። ደህና ነበርኩ። ከዚያ ግራ ደረቴን ጨመደደኝ። ቀስ አልኩ። አልተወኝም። ልቤ አንዴ ይቆምና ሦስቴ ይዘላል። መንገዱ ነጣ።

ስነቃ አስፋልት ላይ ነኝ። አገጬ ይደማል። ውሻዋን የያዘች አንዲት ሴት፣ ማስክ እንዳደረገች፣ ራቅ ብላ ስልክ ታወራለች። ልትነካኝ ፈርታለች። አልፈርድባትም። አምቡላንሱ እስኪመጣ ግን አልሄደችም። "ስምሽ ማን ነው?" እያለች ደጋግማ ትጠይቀኛለች። እመልስላታለሁ። እንደገና ትጠይቀኛለች። የእሷን ስም ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ሆስፒታል ኢሲጂ፣ የልብን ምት በወረቀት የሚያወጣውን ምርመራ፣ አነሡኝ። ደም ወሰዱ። ትሮፖኒን ከፍ ብሏል አሉ፤ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ነገር ነው። ጠያቂ አይገባም። በማግስቱ ኤምአርአይ ውስጥ አስገቡኝ። "ትንፋሽ ያዢ" ይላል የማሽኑ ድምፅ። ያዝኩ። "ልቀቂ።" ለቀቅሁ። ትንፋሽ መያዝ እችልበታለሁ። ያን ቀን በትክክል የሠራሁት ነገር እሱ ብቻ ነበር።

የልብ ሐኪሟ ገባች። አጠር ያለች ሴት ናት። ፊቷን በማስክና በፕላስቲክ ስለሸፈነች ዓይኗን ብቻ ነው የማየው።

"ማዮካርዳይተስ ነው" አለችኝ። "ቫይረሱ የልብሽን ጡንቻ አስቆጥቶታል።"

"ልምምድ መቼ ልጀምር?"

"ለስድስት ወር ምንም። ሩጫ የለም፣ ስኪ የለም፣ ደረጃ በፍጥነት መውጣት የለም።"

"እኔ እኮ ስፖርተኛ ነኝ።"

"የምፈራልሽ ለዚሁ ነው። ሌላ ሰው ሲደክመው ይቀመጣል፤ አንቺ አትቀመጪም። የተቆጣ ልብ ይዘሽ ብትሮጪ ምቱ ተዛብቶ ድንገት ልትሞቺ ትችያለሽ። ልድገምልሽ?"

"አያስፈልግም" አልኩ።

ደገመችልኝ።

አምስት ቀን ተኛሁ። ቤታ ብሎከር የሚባል፣ የልብን ምት የሚያረጋጋ መድኃኒት ጀመሩልኝ። እትዬ ዘሀራ ስትደውል ወድቄ ጉልበቴን ተጎዳሁ አልኳት። አገጬ ላይ ስፌት ስላለ ለማመን አልከበዳትም። ልትወስደኝ መጥታ በመኪናው መስታወት አየችኝና "ለጉልበት አምስት ቀን?" አለችኝ። "ኢንፌክሽን እንዳይሆን ነው" አልኳት። ለክለቡም ጉልበቴን አልኩ። ለአባቴም ጉልበቴን አልኩ።

ለምን እንደዋሸሁ ብዙ አስቤበታለሁ። አባቴ ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ስኳር አለበት። እውነቱን ቢሰማ በዚያ ወረርሽኝ መሃል መኪናውን አስነሥቶ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ያን ያህል አያምርም። ሻምፒዮን የነበረች ሴት ልቧ ደከመ ሲባል ሰው የሚያያትን ዓይን ማየት አልፈለግሁም። ጉልበት የስፖርተኛ ሕመም ነው፤ ማንም ይረዳዋል፤ ማንም አይፈራውም።

የከፈልኩት ግን ከባድ ነበር። ጉልበቴን ነው ያልኳቸው ሰዎች ስለ ጉልበቴ ይጠይቁኛል። ለጉልበቴ ቅባት ይልኩልኛል፤ የጉልበት እንቅስቃሴ ቪዲዮ ይልኩልኛል። ፍቅራቸው ሁሉ ያላመመኝ ቦታ ላይ ያርፍ ነበር።

ዲሴምበርና ጃንዋሪን በዚህ ሁኔታ አሳለፍኩ። ስተኛ ልቤ ደህና ነው። ስቆም መቶ ሠላሳ ይመታል። ከመኝታ ቤት እስከ ወጥ ቤት አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ መሃሉ ላይ ወንበር አኖርኩ። ገላዬን የምታጠበው ተቀምጬ ነው። ለሐኪሟ በስልክ ስነግራት ብዙ ውሃ እንድጠጣ፣ እግር የሚያጠብቅ ካልሲ እንዳደርግ፣ ከአልጋም በሦስት ደረጃ እንድነሣ ነገረችኝ፤ መጀመሪያ ቁጭ፣ ከዚያ እግር መሬት፣ ከዚያ መቆም። አምስት ኪሎ ሜትር ዳገት ሳላርፍ የወጣሁ ሰው ነበርኩ። እሑድ እሑድ የሳምንቱን ፕሮግራም ጽፌ ለሰልጣኞቼ እልካለሁ፤ የዚያን ቀን ሥራዬ እሱ ነው፤ ሲያልቅ ደግሞ ምንም የለም። ዝም ያለ ቤት አለ። ሶላቴን ተቀምጬ እሰግዳለሁ።

ፌብሩዋሪ ላይ ኮሎምበስ ከስንት ጊዜ በኋላ የሚቆይ በረዶ ወረደ። ሰልጣኞቼ በየፓርኩ ስኪ እየሄዱ ፎቶ ላኩልኝ። ላይክ አደረግሁ። ከዚያ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። በመስኮት የፓርኪንጉን በረዶ አያለሁ። ምን ዓይነት በረዶ እንደሆነ፣ ስኪው ሥር የሚቀባ የትኛው ሰም እንደሚስማማው ሳልወጣ አውቃለሁ። ሌላ ሰው የማያውቀውን ማወቅ ለምንም ሳይጠቅም ሲቀር እንዲህ ያደርጋል፤ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል።

በወሩ መጨረሻ ክሌር ጻፈችልኝ። ክሌር ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አስተማሪ ናት፤ ካሠለጠንኳቸው ሁሉ ጎበዟ። መልእክቷ አጭር ነበር። "ኮቪድ ይዞኛል፣ ግን ቀላል ነው። የዛሬውን ከባድ ልምምድ፣ ኢንተርቫሉን፣ ቤዝመንት ውስጥ ሠርቼዋለሁ። ሰውነት ይዋሻል!"

ደወልኩላት።

"አቁሚ" አልኳት።

ሳቀች። "ይህን የምትዪው አንቺ ነሽ?"

"ክሌር፣ ጉልበቴን አይደለም።"

"ምኑ?"

"ያመመኝ ጉልበቴን አይደለም። ልቤን ነው። ቶሎ ተመልሼ ስኪ ሄድኩ፣ መንገድ ላይ ወደቅሁ። ሦስት ወር ሆነኝ።"

ቴሌቪዥኗ ከኋላ ይሰማኛል።

"ሦስት ወር ሙሉ ብቻሽን?" አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ትናንት ደረቴን ትንሽ ወጋኝ። ቀላል ነው ብዬ ነው።"

በማግስቱ ሄዳ ተመረመረች። ኢሲጂዋም ደሟም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ እረፍት ብቻ አዘዙላት። ይህን ስሰማ ያቺ መሃል ቤት ያኖርኳት ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከሆስፒታል ከወጣሁ የመጀመሪያዬ ነበር። በዚያው ቀን ለክለቡ በሙሉ ጻፍኩ። ምን እንደታመምኩ፣ ምን እንደዋሸኋቸው፣ የማሠለጥንበት አባባል ስህተት እንደነበር፣ ሁሉንም። አባባሉ የታተመባቸውን የክለቡን ቲሸርቶች ቀደን ጨርቅ አደረግናቸው፤ የስኪ ሰም ይጠረግባቸዋል።

ለአባቴ ግን አሁንም አልነገርኩም ነበር። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እንደ ልማዱ ደወለ።

"ጉልበትሽስ?"

"እየተሻለው ነው፣ አባዬ።"

"ሰዓዳ" አለኝ። "ጉልበቱን ያመመው ሰው እንዲህ አይተነፍስም። ሁለት ቃል ትናገሪና ታርፊያለሽ። ስንት ዓመት ዳገት ላይ ቆሜ ሰምቼሻለሁ።"

ነገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

"ከእኔ ደብቀሽ ማንን ልታድኚ ነበር?" አለኝ በመጨረሻ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛ ክትባቱን ወስዶ ኤፕሪል ላይ መጣ። እውነቱን ያን ጊዜ የሰማችው እትዬ ዘሀራ ሁለት ቀን አኩርፋኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ገብታ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና "ለጉልበትሽ ነው እኮ ዱዓ ሳደርግ የከረምኩት" አለች። አባቴ ከወጥ ቤት "አብሽሪ፣ አላህ የት እንደሚያደርሰው ያውቃል" አላት። ሦስታችንም ሳቅን። ያ ቤት ውስጥ ሳቅ ከሰማሁ ወራት አልፈው ነበር።

በሜይ መጨረሻ ሁለተኛውን ኤምአርአይ አነሡኝ፤ የልብን ምት ሙሉ ቀን የሚመዘግበውን ሆልተርም አሰሩልኝ። ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ ስትመጣ ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ በማስክ ብቻ አየሁት። "ቁጣው ጠፍቷል" አለችኝ። "ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል፤ እሱ አብሮሽ ይኖራል። ውድድር ከእንግዲህ አልመክርሽም። ለሌላው ግን ቀስ ብለን እንሄዳለን።" ወደ ልብ ማገገሚያ፣ ካርዲያክ ሪሃብ ወደሚሉት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለአሥራ ሁለት ሳምንት መራችኝ።

ሪሃብ ክፍሉ ውስጥ ከሁሉም በዕድሜ ትንሿ እኔ ነበርኩ፤ ነርሷ ደረቴ ላይ ሽቦዎቹን ለጥፋ ትሬድሚሉን ሕፃን በሚራመድበት ፍጥነት ስታስነሣልኝ፣ አጠገቤ ደግሞ የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ዴል የሚባል የሰባ አንድ ዓመት ጡረተኛ የትራክ ሾፌር ከእኔ በእጥፍ ፍጥነት ይራመድ ነበር። ምን ሆኜ እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ ስኪ እወዳደር እንደነበር ነገርኩት። "ጎበዝ ነበርሽ?" አለኝ። አዎ አልኩት፤ ያን ቃል ያለ ሐፍረትና ያለ ትምክህት ስናገር የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። "እኔም ጎበዝ ሾፌር ነበርኩ" አለኝ፤ "አሁን ከሚስቴ ጎን ተቀምጬ መሄድ እየተማርኩ ነው።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎን ለጎን የሆኑትን ማሽኖች እንይዝ ነበር፤ ብዙ አናወራም፣ ግን አንዳችን ስናረፍድ ሌላው በሩን ያያል።

ከሪሃብ ውጭ ባሉት ቀናት ከአባቴ ጋር በሞርስ ሮድ እግረኛ መንገድ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ እስከ ሃላል ሥጋ ቤቱ ድረስ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው፣ በኦገስት ደግሞ ሁለቱንም አልፈን እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ደርሰን እየተመለስን፣ እሱ በየመሃሉ ስለ ኮምቦልቻ ሰዎች እያወራኝ፣ ወሬውን እያቋረጠ ትንፋሼን እያዳመጠ። ኦገስት ሲያልቅ ወደ ሚሺጋን ተመለሰ። ቤቱ እንደገና ዝም አለ። እውነቱን ለመናገር ብቸኝነቱ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፤ ድሮ የነበርኳት ተወዳዳሪ ስትሄድ የተወችው ቦታ አለ፣ ያን ቦታ ዘመድም ሰልጣኝም አይሞላውም። አሁን ግን ስሙን አውቀዋለሁ፤ ሲመጣም ጉልበቴን ነው አልለውም።

በጃንዋሪ 2022 በሐኪሟ ፈቃድ፣ ከክለቡ ጋር ወደ ሰሜን ወጥቼ ከሕመሙ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በረዶ ላይ ቆምኩ። ሜዳ ላይ ሃያ ደቂቃ፣ ሰዓቴ የልቤን ምት መቶ ሃያ ሲያሳይ እንድቆም። ክሌር ከኋላዬ ተጣብቃ ትከተለኛለች።

"ለምን አትቀድሚኝም?" አልኳት።

"አይ፣ እዚሁ ይሻለኛል።"

"ቅደሚ። የአንቺ ሥራ መሄድ ነው፤ የእኔ ሥራ ማየት ነው።"

ቀደመችኝ። ግራ ዘንጓን ትንሽ አዘግይታ እንደምትተክል ከኋላ ሆኜ አየሁ፤ እኔ ከፊቷ በነበርኩባቸው ዓመታት ሁሉ አላየሁትም ነበር። ስንጨርስ ነገርኳት፤ አስተካከለችው።

ውሻዋን ይዛ የቆመችልኝን ሴት፣ ደግማ የነገረችኝን ሐኪም፣ ሽቦ የለጠፉልኝን ነርሶች፣ ዴልን፣ እትዬ ዘሀራን፣ አባቴን አመሰግናለሁ። ክሌርን ግን ለብቻዋ አመሰግናለሁ። ሳታውቀው ከራሴ ውሸት አወጣችኝ።

ለእናንተ ደግሞ የምለው ይህን ነው። ከሕመም በኋላ ደረታችሁን ከወጋችሁ፣ ልባችሁ ያለ ምክንያት ከዘለለ፣ ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ነገ አትበሉ፤ በዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ታዩ። ወደ ስፖርት መመለሻችሁን ጓደኛም አይወስን፣ እንደ እኔ ያለ አሰልጣኝም አይወስን፤ ሐኪም ይወስን። ማረፍ ስንፍና አይደለም፤ እኔ ከሠራሁት ልምምድ ሁሉ ከባዱ እሱ ነበር። የምታምኑት አንድ ሰው ደግሞ የሕመማችሁን ትክክለኛ ስም ይወቅ። ለአገር አውጁ ማለቴ አይደለም። አንድ ሰው ይበቃል፤ እሱ ግን እውነተኛውን ይወቅ።

ባለፈው ወር አንዲት አዲስ ሴት ልምምድ ላይ መጣች። ኮቪድ ከያዛት አምስት ሳምንቷ ነው፤ ዛሬውኑ መጀመር ትፈልጋለች። ሐኪም አይቷት እንደሆነ ጠየቅኋት። አላያትም። የምንሠለጥንበትን ቀንና ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋትና መጀመሪያ እንድትታይ ነገርኳት።

"ብዙ ጊዜ ቢወስድብኝስ?" አለችኝ።

"ይውሰድ" አልኳት። "እኔ እዚሁ ነኝ።"